«በአንዳንድ አገሮች ሕገወጥ ሊሆን ይችላል»፤ እኛስ የትኛው አገር ነን?

ኡቡንቱ የሚባለውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በደህናው ዘመን ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ዘፈን ለመክፈት የሞከረ ሰው ይህችን ማስጠንቀቂያ ያውቃታል። ኤምፒ3 የሚያጫውተው ወይም ድምፅን ወደ ኤምፒ3 የሚቀይረው ፕሮግራም አብሮ አይመጣም ነበር። ለብቻው ፈልገህ መጫን አለብህ። ስትፈልገው ደግሞ መመሪያው ያስጠነቅቅሃል፦ ይህን ሶፍትዌር መጠቀም በአንዳንድ አገሮች ሕገወጥ ሊሆን ይችላል።

በ2004 ዓ.ም. ተማሪ ሳለሁ ዶርም ውስጥ አራት ሆነን አንድ ላፕቶፕ ከበን ይህችኑ አነበብን። «እኛ የትኛው አገር ነን?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ጓደኛዬ «ዝለለው ባክህ፣ ማን ይከስሃል?» አለኝ። ዘለልነው፣ ዘፈኑም ተከፈተ።

«ማን ይከስሃል» ግን ለጠየቅሁት ጥያቄ መልስ አይደለም። አለመያዝ ሌላ፣ ሕጋዊ መሆን ሌላ። እኛ አገር የመጀመሪያውን ስንመልስ ሁለተኛውንም የመለስን ይመስለናል። ያቺን ጥያቄ እኔም ለዓመታት ረስቻት ነበር፤ መልሶ ያመጣብኝ ሥራ ነው።

በግሌ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ። ከጊች ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩ ሰዎች ስልክ ውስጥ የቀረውን ድምፅ እያሰባሰብኩ ነው። ጊችን ለማታውቁት፦ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ጓሳ፣ ጅባራ፣ ጭላዳ፣ ብርድ። ገብስ የሚበቅልበት መንደርም ነበረው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ መንደሩ እዚያው ነበር፤ በ1996 «በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ ውስጥ ሲገባም ነበር። በእኛ 2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ። በዓመቱ በ2009 ዩኔስኮ ፓርኩን ከአደጋው መዝገብ አወጣው። መነሣቱ ትክክል ነበር ወይ የሚለውን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። ዛሬ የያዝኩት ጉዳይ ድምፅ ነው።

ሰው ቤቱን አፍርሶ ሲሄድ ቆርቆሮውን፣ በሩን፣ ከብቱን ይዞ ይሄዳል። ስልኩንም ይዞ ይሄዳል። ስልኮቹ ውስጥ የሜዳው ሰርግ አለ፣ መንዙማ አለ (አብዛኛው የጊች ሰው ሙስሊም ነው)፣ የልጅ ማባበያ አለ፣ ከከብት ጋር የሚደረግ ጭቅጭቅ ሁሉ አለ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ይህ ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው በሜሞሪና በብሉቱዝ ነበር። ሜሞሪ ደግሞ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ሕፃን ይውጠዋል። አላጋነንኩም፤ አንዱ ባለቤት የነገረኝ እንደዚሁ ነው።

የሰበሰብኩትን ቅጂ ለመጠበቅ አንድ የውጭ አገር ድርጅት ፈቃደኛ ሆነ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ፎርም ላከልኝ። ከፎርሙ ሦስት መስመሮች የሚጠይቁት ስለ ሶፍትዌር ነው፦ ድምፁን በምን ፕሮግራም ቀየርከው? የፕሮግራሙ ፈቃድ ምን ዓይነት ነው? ፕሮግራሙን መጠቀም በአገርህ ሕጋዊ ነው? ያች የዶርም ጥያቄ መጣች። በዚህ ጊዜ ግን መልስ ካልተሰጣት ድምፁ አይገባም።

እንግዲህ ከመሠረቱ እንነሣ።

ድምፅ ሳይጨመቅ በሲዲ ጥራት ሲቀመጥ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይወስዳል። የአንድ ደቂቃ ዘፈን 10 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በጀርመን የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግ፣ ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ሆነው ይህን ወደ አሥረኛው ገደማ የሚያወርድ ዘዴ ሠሩ። ዘዴው በጆሮ ድክመት ላይ የተመሠረተ ነው። ድቤ በተመታበት ቅጽበት አጠገብህ የተንሾካሾከውን አትሰማም፤ የማትሰማውን ለምን እናስቀምጠዋለን? ይጣል። ኤምፒ3 ይኸው ነው፤ ምን እንደሚጣል የሚወስን የሒሳብ ቀመር። ለዚህ ቀመር በየአገሩ ፓተንት ወጣለት። ባለፓተንቶቹም ብዙ ነበሩ።

ዘዴው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሲሆን አሠራሩን የሚያሳይ የማሳያ ኮድ አብሮ ታተመ። ነፃ ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች ያንን ኮድ እያሻሻሉ የራሳቸውን መቀየሪያ፣ በባለሙያው አነጋገር ኢንኮደር፣ ማውጣት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. መስከረም 1998 ላይ ከፍራውንሆፈር ደብዳቤ ደረሳቸው፦ ክፈሉ ወይም አቁሙ።

ክፍያው ምን ያህል ነበር? ለኮምፒውተር ኢንኮደር በእያንዳንዱ ቅጂ ከ2.50 ዶላር ይጀምራል፤ በዓመት ደግሞ ቢያንስ 15,000 ዶላር። ለሶኒ ይህ የሻይ ገንዘብ ነው። ነፃ ሶፍትዌር ግን ችግሩ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ነፃ ሶፍትዌር ማለት የተቀበለው ሁሉ አባዝቶ ለሌላው የመስጠት መብት ያለው ፕሮግራም ነው። ደባርቅ ላይ በፍላሽ ለአምስት ሰው ብሰጥ ጸሐፊው አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። በቅጂ ቁጥር ክፈል ሲባል ቅጂውን የሚቆጥር የለም። ስለዚህ ፈቃዱን ገዝቶ ነፃ ሆኖ መቀጠል የሚቻልበት መንገድ አልነበረም። ብዙዎቹ ተዉት።

በዚያው ዓመት ማይክ ቼንግ የሚባል ሰው ሌላ መንገድ ቀየሰ። ፕሮግራም ሳይሆን የማሳያ ኮዱን የሚያርም ጥገና ብቻ ነው የማወጣው አለ። ስሙንም ሌም አለው፤ የፊደሎቹ ፍቺ «ሌም ኤምፒ3 ኢንኮደር አይደለም» የሚል ነው፣ ቃሉ ራሱ ደግሞ በእንግሊዝኛ አንካሳ ማለት ነው። ቀልድም መከላከያም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ከማሳያ ኮዱ የቀረው የመጨረሻው ቁራጭ ወጥቶ ሌም ሙሉ በሙሉ በራሱ የቆመ ኢንኮደር ሆነ፣ ስሙ ግን «አይደለሁም» እያለ ቀጠለ። ሠሪዎቹ ያወጡት የነበረው ደግሞ የተጻፈውን ኮድ እንጂ ተጭኖ የሚሠራውን ፕሮግራም አልነበረም። ኮድ ጽሑፍ ነው፣ ጽሑፍ ማሳተም መብት ነው የሚል ክርክር ነው። ሊጡን እንሰጣችኋለን፣ እንጀራውን እናንተ ጋግሩት እንደማለት።

ይህ ብልሃት ለእኛ ምን እንዳመጣብን ታውቃላችሁ? ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ የድምፅ ማረሚያ ጋዜጠኛው፣ የመዝሙር ቀራጩ፣ ሁሉም የሚጠቀምበት ነው። ፓተንቱን ፈርቶ ሌምን አብሮ አያወጣም ነበር። ሠርተህ ሠርተህ «ኤምፒ3 አድርገህ አስቀምጥ» ስትለው፣ ሌም የሚባል ፋይል ከሌላ ቦታ አውርደህ አምጣ ይልሃል። ኢንተርኔት በሌለበት ዳባት ይህ ማለት ጎንደር የሚሄድ ሰው ፈልጎ ፍላሽ መላክ ነው። የአሜሪካን ፍርድ ቤት የፈሩ ሰዎች ጥንቃቄ የዳባትን ልጅ የአውቶቡስ ወረፋ አስጠበቀው። ኦዳሲቲ ሌምን አብሮ ማውጣት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው።

ፍርሃቱ መሠረተ ቢስ አልነበረም። ማይክሮሶፍት ለፍራውንሆፈር 16 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ የያዘ ኩባንያ ነበር። አልካቴል ሉሰንት «የኔም ፓተንት አለበት» ብሎ ከሰሰው፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 2007 ላይም የሳንዲያጎ ዳኞች ጉባኤ 1.52 ቢሊዮን ዶላር ክፈል አለው። ዳኛው በዚያው ዓመት ነሐሴ ውሳኔውን ሻረው እንጂ መልእክቱ ለሁሉም ደርሷል፦ የከፈለም አያመልጥም። ጀርመን ውስጥ በ2006 በርሊን ላይ የሳንዲስክ ኤምፒ3 ማጫወቻዎች ከኤግዚቢሽን ተለቅመው ተወሰዱ። በ2008 ሃኖቨር ላይ ፖሊስ ሃምሳ ገደማ የኤግዚቢሽን ቦታዎችን ፈተሸ፤ ብዙዎቹ የቻይና ድርጅቶች ነበሩ።

ፓሪስ ላይ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ሁላችንም ፊልም የምናይበት ቪኤልሲ የተወለደው ፈረንሳይ ውስጥ ከተማሪዎች እጅ ነው። ሠሪዎቹ፣ በፈረንሳይ ሕግ ሶፍትዌር ፓተንት አይሰጠውም ብለው ሁሉንም ነገር አብረው አወጡ። ያው ፕሮግራም፣ ያው ቀመር፤ አንዱ አገር ላይ የቢሊዮን ክስ፣ ሌላው አገር ላይ የተማሪ ፕሮጀክት። ፓተንት ፓስፖርት የለውም። በተመዘገበበት አገር ይሠራል፣ ከድንበሩ ሲወጣ ወረቀት ነው።

ታዲያ እኛ የትኛው አገር ነን?

መልሱ ከዶርማችን ዕድሜ በፊት ተጽፎ ተቀምጧል። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት የማይሰጣቸውን ነገሮች ይዘረዝራል። ከነሱ መካከል የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። የሒሳብ ዘዴም አለ። ኤምፒ3 ማለት ሁለቱም ነው። ከዚህ አልፎ ለንግድ ዓላማ ያልሆነ ተግባር የፓተንት ባለቤቱን መብት እንደማይነካ ይኸው አዋጅ ይናገራል። የፓተንቱ ዘመንም 15 ዓመት ነው፤ ባለቤቱ ፈጠራውን እዚህ አገር በሥራ ላይ ካዋለው ብቻ 5 ዓመት ይጨመርለታል።

ይህን ያሳየሁት አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄ «ቶሎ አትደሰት» አለኝ። አውሮፓ ውስጥም ሶፍትዌር ፓተንት አይሰጠውም ይባላል፤ ግን «ሶፍትዌር አይደለም፣ ድምፅ የሚጨምቅ መሣሪያ ነው» እየተባለ ስንቱ ገብቷል። እውነቱን ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ ብናስቀምጠው ይሻላል፦ እዚህ አገር ማንም ሰው ሌምን ለመከልከል ቢፈልግ ሦስት አጥር መዝለል አለበት። እዚህ ማስመዝገብ፣ የፕሮግራምና የሒሳብ ክልከላውን ማለፍ፣ ከዚያም የእኔ የስብሰባ ቅጂ ንግድ ነው ብሎ ማስረዳት። አንዱን ቢዘል ሁለቱ ይቀሩታል። እንደ እኔ ንባብ፣ ያቺን ማስጠንቀቂያ በዘለልንባት ምሽት እኛ «አንዳንድ አገሮች» ውስጥ አልነበርንም።

(በነገራችን ላይ አዋጁ «የአስገቢ ፓተንት» የሚባል አንድ ጉድ አለው። ውጭ አገር ፓተንት ያለው፣ እዚህ ግን ያልተመዘገበ ፈጠራ ካለ፣ ኃላፊነቱን ወስዶ ላመጣው ሰው እስከ 10 ዓመት ሊሰጥ ይችላል። መርካቶ ውስጥ ይህን አንቀጽ በትኩረት የሚያነብ ነጋዴ ባይኖር እመርጣለሁ።)

ፓተንቱ ራሱ አልቋል። የአሜሪካኖቹ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2017 ላይ ሲያበቃ ፍራውንሆፈር ፈቃድ መሸጡን በይፋ አቆመ፤ በእኛ ሚያዝያ 15፣ 2009 መሆኑ ነው። ሙያዬን ያሳፈረኝ የዚያ ሰሞን ዜና ነው። ስንቱ መገናኛ ብዙኃን «ኤምፒ3 ሞተ» ብሎ ጻፈ! ያልሞተ ብቻ ሳይሆን ገና ነፃ የወጣ ነገር ነበር። ባለንብረቱ ኪራይ መሰብሰብ ሲያቆም ቤቱ ፈረሰ ብሎ እንደመዘገብ ነው።

ታዲያ ያለቀ ነገር ላይ ይህን ሁሉ ምን አስጻፈህ ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ፣ ከጊች ስልኮች የወጣው ድምፅ ኤምፒ3 ብቻ አይደለም። አሮጌዎቹ ትንንሽ ስልኮች የሚቀዱት ኤኤምአር በሚባል ሌላ ዘዴ ነው፤ እሱም ባለፓተንት ነበር፣ ፈቃዱን ያስተዳድር የነበረውም የካናዳው ቮይስኤጅ ነው። ኤኤምአር የተሠራው ለስልክ ንግግር ነው። ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚለካውን ድምፅ ይህ 8,000 ጊዜ ብቻ ይለካዋል። «ሄሎ፣ ደረስክ?» ለማለት ይበቃል። የጊች ሜዳ ላይ በነፋስ መሀል የተቀዳ መንዙማ ግን ድቤው ካርቶን የሚደበደብ ይመስላል፣ የሴቶቹ እልልታ ከላይ ተቆርጦ ፉጨት ይሆናል። ያንን ደግሞ ወደ ኤምፒ3 ብትቀይረው ከተጣለው ላይ ሌላ ይጣላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ፋይል ሳልነካ የማስቀምጠው፣ የሥራ ቅጂውን ደግሞ ምንም በማይጥለው ፍላክ በሚባለው ነፃ ዘዴ የማደርገው።

ሁለተኛ፣ ዛሬ እናንተ በዚሁ ቴሌግራም የምትላላኩት የድምፅ መልእክት ኦፐስ በሚባል ዘዴ የተጨመቀ ነው። ኦፐስ መስከረም 2005 ዓ.ም. መስፈርት ሆኖ ሲወጣ ፓተንት የነበራቸው ኩባንያዎች ለማንም ያለክፍያ ፈቅደው ነው የወጡት። ከኤምፒ3 ጣጣ የተማሩ ሰዎች ሥራ ነው። እዚህ ያደረሰው ፉክክር ብቻ አይደለም፤ ፓተንት ምን ላይ ይሰጥ ምን ላይ አይሰጥ የሚለው ውሳኔም አለበት። አገራችን የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን በ1995 ዓ.ም. አመልክታ ድርድሩ በቅርብ ዓመታት ተፋጥኗል። እንዲህ ያለ ድርድር ሲመጣ የፓተንት ሕግም ይከለሳል። በዝርዝሩ ውስጥ «የኮምፒውተር ፕሮግራም» የሚሉት ሁለት ቃላት ቢወጡ ማን ያስተውላል? ስለ ታሪፍ፣ ስለ ባንክ፣ ስለ ቴሌኮም እንጮሃለን። ስለነዚህ ሁለት ቃላት የሚጮህ ያለ አይመስለኝም። ድሃ አገሮች ለእንዲህ ያለው ግዴታ እስከ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2034 የእፎይታ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ይህን እፎይታ በድርድር ጠረጴዛ ላይ በነፃ መስጠት ኋላ የዳባት ፕሮግራም ጸሐፊ የሚከፍለው ዕዳ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ነው።

ዳባት ውስጥ ዘፈን በሜሞሪ የሚጭን ልጅ አለ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሺህ አልበም ይዟል። «ፈቃድ አለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የንግድ ፈቃድ በጣቱ አሳየኝ። ታደሰ፣ ማኅተም አለው፣ ሁሉ ነገሩ ሙሉ ነው። የዘፋኙን ፈቃድ ማለቴ እንደሆነ ስነግረው «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» በሚል ዓይን አየኝ። ዘፈኖቹን ኤምፒ3 ያደረገበት ፕሮግራም ሕጋዊ ነው፤ በውስጡ ያለፈው ዘፈን ግን አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማድረግን ይፈቅዳል፤ እያባዙ መሸጥን አይፈቅድም። ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ አውታርን ያቋቋሙት ይህን ጉድጓድ ለመድፈን ነበር።

እዚህ ላይ ልጁን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ያው አዋጅ ግን ለእኔም ይናገራል። ከዋኝ፣ ማለትም የሚዘፍነው ሰው፣ ድምፁ እንዲቀዳም ሆነ የተቀዳው እንዲባዛ የመፍቀድና የመከልከል መብት አለው ይላል። ሬዲዮ ላይ ያለው ዘፋኝ ብቻ ሳይሆን ጊች ሜዳ ላይ ሰርግ ያሞቀችው እናትም ከዋኝ ናት። የተላከልኝ ፎርም ስለ ሶፍትዌሩ ፈቃድ ሦስት መስመር ሰጥቶ ለሷ የሰጠው አንዲት ምልክት የሚደረግባት ሳጥን ነው፦ «አስፈላጊው ስምምነት ተገኝቷል፣ አዎ / አይ»። የሌም ሠሪዎች ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ውሰዱ፣ አባዙ፣ ለውጡ ብለው በጽሑፍ ፈቅደዋል። እነሱን በድጋሚ ለማስፈቀድ ሦስት መስመር እንሞላለን። ማንም ምንም ያልጠየቃት ሴት በአንዲት ጭረት ታልፋለች።

ሦስቱን መስመሮች ሞላሁ፦ ፕሮግራሙ ሌምና ፍላክ፤ ፈቃዱ ነፃ፤ በኢትዮጵያ ሕግ ክልከላ የለበትም፤ ኤምፒ3ም ፓተንቱ አልቋል። ሳጥኑን ግን ተውኩትና ደባርቅ ሰፈራው ድረስ ሄጄ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሁለት አባቶች መንዙማው ይቀመጥ፣ ግን ገንዘብ አይነገድበት አሉ፤ ቃላቸውን እንዳለ ጻፍኩት። አንዲት እናት የባሏ ድምፅ ከቤት እንዲወጣ አልፈለገችም፤ ፋይሉን ከዝርዝሩ አወጣሁት።

የሰርጉን ዘፈን ያወጣችው ባልቴት ፊት ቁጭ ብዬ ስልኩን ከፈትኩላት። ነፋሱ፣ ካርቶን የመሰለው ድቤ፣ የሷ ድምፅ። እስኪያልቅ ዝም ብላ ሰማችው።

«ይፈቅዱልኛል ወይ እማማ?» አልኳት።

«ልጄ፣ እኔ ያን ያወጣሁት ለሙሽራዋ ነው» አለችኝ። «ሙሽራዋን ጠይቃት።»

ሙሽራዋ ሳዑዲ ናት። በኢሞ የድምፅ መልእክት ልኬላታለሁ፤ እስካሁን አልመለሰችልኝም።